አዎ ብዬ የሞላሁት ቅጽ

ዋሽቻለሁ። መጀመሪያ ይህን ልናገርና ልገላገል። ነገሩን መሃል ላይ ደብቄ ባወራው አንባቢ ያዝንልኛል፤ እኔ ደግሞ በውሸት ሲታዘንልኝ ከርሞ ሰልችቶኛል። የዋሸሁት በወረቀት ላይ ነው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሦስት ጊዜ። ወረቀቱ ልጄ የሚውልበት የመንግሥት የሕፃናት ማቆያ ለወላጆች የሚያድለው ቅጽ ነበር።

የምሠራው ጅማ ውስጥ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ከደብረ ብርሃን ለትምህርት መጥቼ እዚሁ ቀረሁ፣ እዚሁ አገባሁ። ባለቤቴ የአጋሮ ልጅ ነው። ሥራውም እዚያው አጋሮ አካባቢ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስለሆነ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ከሰዓት ይመለሳል፤ ቡናው ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር በተከራየነው ቤት እኔና ልጁ ብቻችንን ነን ማለት ይቻላል። የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል ይህን ሕፃን ለማን ልስጠው ብዬ ስንቱን ቀን እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ያገኘኋት አንዲት ሠራተኛ በሁለተኛው ሳምንት ስልኳን ዘግታ ጠፋች።

ደግነቱ፣ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ እናቶች ማቆያ ይክፈቱ የተባለው ነገር ያን ሰሞን እኛም ግቢ ደረሰ። ከግቢው ጀርባ ያለውን አሮጌ ቤት፣ ወለሉ ጣውላ የሆነውን፣ ቀለም ቀቡት። ፍራሹ፣ አልጋው፣ መጫወቻው፣ የሞግዚቶቹ ደመወዝ ሁሉ ከመንግሥት ነው። ከእኛ የሚፈለገው ምሳ ዕቃና ቅያሪ ልብስ ብቻ ሆነ። ልጄን የአምስት ወር ልጅ ሆኖ አስገባሁት፤ ከመዝገብ ቤት ወጥቼ፣ አጥብቼው እመለሳለሁ። ያን ጊዜ ከእኔ በላይ ዕድለኛ እናት ያለች አይመስለኝም ነበር።

ከሞግዚቶቹ ታላቋ በየቀኑ ከሰርቦ በሚኒባስ የሚመላለሱ፣ ሃምሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። አንዱን ነገር በአማርኛ ጀምረው በአፋን ኦሮሞ ይጨርሱታል፣ መሃሉ ላይ አንድ ወላሂ ጣል ያደርጉበታል። ማንበብና መጻፍ አይሆንላቸውም። ልጅ መያዝ ላይ ግን የሚስተካከላቸው የለም፤ ሲያለቅስ የዋለ ሕፃን እሳቸው ሲያቅፉት እፎይ ይላል። ሌላዋ አስተባባሪዋ ናት። ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ተምራ የመጣች ወጣት ናት፣ ፈጣን፣ ስልኳ ከእጇ የማይለይ። ቅጹን የምታድለው እሷ ነበረች።

ልጄ ጸጥተኛ ነበር። ከቤታችን አጠገብ ወፍጮ ቤት አለ፤ ወፍጮው ሲነሳ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ልጄ ግን እንቅልፉን ይለጥጣል። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ሴቶች «ምን ዓይነት የተባረከ ልጅ ነው!» ይላሉ። እኔም እኮራለሁ። አፈር በበላሁ፣ እኮራ ነበር! የሌላው ሰው ልጅ በር ሲንኳኳ ተነስቶ ሲያለቅስ፣ የእኔ ልጅ ጨዋ ነው እያልኩ ለባልደረቦቼ አወራ ነበር።

ዓመት ከስድስት ወር ሲሆነው እኩዮቹ «እማ»፣ «ውሃ»፣ በአፋን ኦሮሞም «ኮቱ»፣ ና፣ ማለት ጀመሩ። እሱ አንዲት ቃል የለውም። ይስቃል፣ ይጮኻል፣ ይጎትተኛል፤ ቃል ግን የለም። ብጠይቅ ጅማ በሙሉ አንድ ዓይነት መልስ ሰጠኝ። ቤት ውስጥ አማርኛ ይሰማል፣ አባቱና ማቆያው አፋን ኦሮሞ ያናግሩታል፤ ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ይዘገያል፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ቀን ያፈሰዋል። ባለሱቁ እንዲህ አለኝ፣ አከራዬ እንዲህ አለችኝ፣ ባለቤቴም እንዲህ አለኝ። እውነትም በዚህ ከተማ እንደዚያ ዘግይተው በኋላ አፋቸው የማያርፍ ልጆች ሞልተዋል። ስለዚህ አመንኩ፣ ወይም ያመንኩ አስመሰልኩ።

የመጀመሪያውን ቅጽ የሰጠችኝ ያን ሰሞን ነው። «እናቶች፣ ተረጋግታችሁ ሙሉት፤ ፈተና አይደለም» አለች አስተባባሪዋ፣ እየሳቀች። ዕድሜው ከላይ ተጽፎ ከሥሩ ጥያቄዎች አሉ፤ ከየጥያቄው ጎን ሁለት ሣጥን፣ አዎ እና አይደለም። ብቻውን ይራመዳል? አዎ። በጣቱ ይጠቁማል? አዎ። ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? እስክሪብቶዬ ቆመ። ማሰብ ጀመርኩ፤ ስሙን ስጠራው ዞር ያለበትን አንድ ቀን ፈለግሁ፣ ፈለግሁ። የሚያየኝ ከሆነ ይመጣል። የማያየኝ ከሆነስ? አጠገቤ የተቀመጠችው እናት እየሞላች ስለነበር አዎ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁና ወረቀቱን አስረከብኩ። 

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ሳይመጣ በፊት፣ ልጄ ጀርባውን ሰጥቶኝ በቆርኪ ሲጫወት፣ የድስት ክዳን ከፍ አድርጌ ሲሚንቶው ላይ ለቀቅሁት። አከራዬ ከግቢ «ኧረ ምን ወደቀ?» ብላ ጮኸች። ድመቷ በመስኮት ወጣች። ልጄ ቆርኪውን ቆርኪ ላይ እየደረደረ ነው። ክዳኑን አንስቼ ደግሜ ጣልኩት። ዞር አለ! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ አቅፌው ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን ሳምኩት። ማታ ላይ ነው፣ ክዳኑን ለማንሳት ሳልፍ ጥላዬ ፊቱ ላይ ማረፉ ትዝ ያለኝ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ከኋላው ቆሜ አጨበጭባለሁ። ቁልፍ አንኳኳለሁ፣ ሬዲዮ ከፍቼ አጠፋለሁ፣ ስሙን በሹክሹክታ፣ ከዚያ በጩኸት እጠራለሁ። አሥር ጊዜ ሞክሬ አንዴ በአጋጣሚ ዞር ካለ ያችን አንዷን ይዤ ሥራ እገባለሁ፤ በምሳ ሰዓት ደግሞ እንደገና ያርደኛል። ለማንም አልተናገርኩም። መዝገብ ቤት አብራኝ የምትሠራው ሴት፣ ነገር መቼም አያመልጣት፣ «ሰምተሻል? ከሌላኛው መሥሪያ ቤት ማቆያ አንዱን ልጅ ችግር አለበት ብለው መለሱት አሉ፤ እናቱም ሥራ ለቀቀች» አለችኝ፣ ፋይል እየለጠፈች። ክው አልኩ። እሷ ምን ገዷት፣ ቀጥላ የሽንኩርት መወደድ አወራች።

እንግዲህ የፈራሁት ይህን ነው። ልጄ አይሰማም ከተባለ ከማቆያው ያስወጡታል፣ ካስወጡት ሥራዬን እለቃለሁ፣ ሥራዬን ከለቀቅሁ... ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልችልም ነበር። ግን ልዋሽ አልፈልግም ብያለሁ፤ ከሥር ሌላ ፍርሃት ነበር። አይሰማም ብዬ ከጻፍኩ እውነት የሚሆን ይመስለኝ ነበር። አዎ እስካልኩ ድረስ ልጄ ይሰማል። ሁለተኛው ቅጽ መጣ፣ አዎ። ሦስተኛው መጣ፣ አዎ፣ አዎ፣ አዎ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅጽ መካከል ነው ያን ክፉ ነገር ለባለቤቴ የተናገርኩት። ቅዳሜ ነው። ልጁን ጭኑ ላይ አቁሞ በራሱ ቋንቋ እያጫወተው፣ አፍንጫውን እየነካካ ይስቃሉ።

«ልጁን በአማርኛ ብቻ አናግረው» አልኩት።

«ምን ማለት ነው?»

«ግራ እየተጋባ ነዋ! አንድ ቋንቋ ይያዝ፣ የአንተን ቀስ ብሎ ይደርስበታል።»

«ለምን የእኔን ይዞ የአንቺን ቀስ ብሎ አይደርስበትም?»

 መልስ ሳጣ መቆጣት የቆየ አመሌ ነው። «አብሬው የምውለውም የማድረውም እኔ ነኝ፤ አንተ በሳምንት አንዴ የምትመጣ እንግዳ ነህ» አልኩት። እንግዳ! ምላሴን በቆረጠው። ባለቤቴ ጠብ አይወድም። ልጁን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና «እሺ፣ እንዳልሽ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ማናገር ተወ ማለት ይቻላል። አማርኛ ይችላል፣ ይሠራበታል፣ ይከራከርበታል፤ ልጅ ማባበል ግን አይሆንለትም። «ና ወዲህ»፣ «ተው» ብቻ ሆነ ጨዋታቸው። 

ለእማማም ነገርኳቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ከሰርቦ ድረስ መጥተው ልጄን የሚያሳድጉልኝን ሴት፣ «እባክዎ ለልጄ በአማርኛ ብቻ ያውሩልኝ» አልኳቸው። ፊቴን ትንሽ አዩና «ኤዬ፣ እሺ ልጄ፣ አንቺ እንዳልሽ» አሉኝ። አስተያየታቸው ደስ አላለኝም። ተቀይመው ይሆናል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ልጄን ባስረከብኳቸው ቁጥር በውስጤ አንድ ጥርጣሬ ያዘኝ። የተቀየመ ሰው ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? እንዲህ ነው ፍርሃት፤ የገዛ ኃጢአቴን ትቼ የሌላ ሰው ኃጢአት ፍለጋ ገባሁ።

ልጄ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሲሆነው፣ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ሁሉም ሰው ወደ ግቢ ወጣ። እኔ ሰዓቴ ሳይሆን ወደ ማቆያው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አጮልቄ አየሁ። ልጆቹ በየጥጉ ይጫወታሉ። ልጄ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መሃል ላይ ተቀምጧል፤ እማማ ፊት ለፊቱ ናቸው። እግራቸውን አንስተው ጣውላውን በተረከዛቸው ኃይለኛ አድርገው መቱት። ልጄ ደንገጥ ብሎ ቀና አለ። ክንዱን ያዙት። እጃቸውን ፊቱ ላይ አወናጨፉ፣ ደረታቸውን መቱ፣ ጡጫቸውን አሳዩት። በአፋቸው ግን አንዲት ቃል አላወጡም። ደግመው ወለሉን መቱ።

ደሜ ፈላ። ልጄን ነው የሚያስፈራሩት! ለዚህ ነው ቃል የማያወጣው፣ አስፈራርተውት ነው! ወዲያው ደግሞ፣ እንዲህ ከሆነ ጆሮው ደህና ነው የሚል ደስታ መሰል ነገር በውስጤ አለፈ፤ ይህንንም ልደብቀው አልችልም። በሩን በርግጄ ገባሁና ባለኝ ጉልበት ሁሉ ጮህኩ። «ልጄን ምን እያደረጉት ነው?»

እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። ጥግ ላይ የተኙት ሁለት ሕፃናት ተነስተው ማልቀስ ጀመሩ። ኳስ የያዘችው ልጅ ኳሷን ጥላ ሌላዋ ሞግዚት ቀሚስ ውስጥ ገባች። ወተት የያዘው ልጅ ወተቱን ለቀቀው። በዚያ ቤት ያለ ነፍስ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያልዞረ አንድ ልጅ ነበር። ከእኔ በሁለት እርምጃ ርቀት፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ የእማማን እጅ እያየ ይስቃል።

 በሩን ይዤ ቆምኩ። ያን ሁሉ ክዳን፣ ያን ሁሉ ጭብጨባ ስጥል ስመታ የከረምኩት ለዚህች አንዲት ደቂቃ ነበር፣ መልሱም ይኸው መጣ፤ ማንም አዎ ብሎ ሊሞላው የማይችል መልስ። እማማ አልተቆጡም። እግራቸውን አንስተው ጣውላውን ቀስ አድርገው መቱና በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱት። ልጄ ዞር ብሎ አየኝ። ፊቱ በራ፣ እየሮጠ መጥቶ እግሬ ላይ ተጠመጠመ።

«ሜ፣ እስቲ ተቀመጪ» አሉኝ እማማ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። «እኔ ትልቋ ልጄ አትሰማም፣ አትናገርም። ሰርቦ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሦስት ወልዳለች፣ አልሐምዱሊላህ። በእጅ ነው ያሳደግኳት። ይሄንንም በእጅ ነው የማናግረው፤ ጣውላው ሲመታ በቂጡ ይሰማዋል፣ ያን ጊዜ ያየኛል።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። 

ገርሟቸው አዩኝ። «ምን ልንገርሽ? ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ! ጠዋት ስታመጪው ጉንጩን ይዘሽ ፊቱን ወደ አንቺ ካላዞርሽ አታናግሪውም። ሁልጊዜ። ይህቺ እናት ገብቷታል አልኩ። ወረቀትም ትሞያለሽ፤ እዚያ ላይ ጽፋዋለች ብዬ። ደግሞ የሰው ልጅ ጉድለት፣ እናትየው ሳታነሳው ማን ያነሳል? እኛ ዘንድ ነውር ነው። አማርኛ ብቻ አውሩለት ስትዪኝ እንኳ ሰው ፊት መሸፈንሽ ነው ብዬ እሺ አልኩሽ እንጂ፣ እኔ ድሮም በአፍ አናግሬው አላውቅም፣ ወላሂ።»

እጄን አየሁት። እውነታቸውን ነው። ሳናግረው ጉንጩን እይዛለሁ። መቼ እንደጀመርኩት አላውቅም። እጄ ያወቀውን እኔ አላውቅም እያልኩ ስንት ወር ስሟገት ኖሬ ኖሯል። ቤቱ ውስጥ ገና የሚያለቅሱ ልጆች ነበሩ፣ እኔም ከእነሱ ጋር አለቀስኩ።

አስተባባሪዋ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ሁሉን ነገርኳት፤ ክዳኑን፣ ቅጹን፣ ሦስቱንም ውሸት። አስወጪው በይኝና ልገላገል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ሄዳ የልጄን ማኅደር አመጣችና ሦስቱን ቅጽ ፊቴ ዘረጋች። ቀስ ብላ አንዱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ነበር። አንዱን እንኳ አይደለም ብለው ከሞሉ ለአስተባባሪዋ ይንገሩ፣ ልጁ ወደ ሆስፒታል ጆሮ ክፍል በነፃ ይላካል፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ክፍል ከተማው ውስጥ አለ፣ ለወላጅም የምልክት ቋንቋ ትምህርት ይሰጣል፣ ልጁ ማቆያውን አይለቅም። ጀርባውን አንድ ቀን ገልጬ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ከሌላኛው መሥሪያ ቤት ማቆያ የተመለሰው ልጅስ?» አልኳት።

«ማን ተመለሰ? እኔ እኮ እዚያ ነበርኩ። ያ ልጅ አሁን ትምህርት ቤት ነው፤ እናቱ ባሏ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ነው የሄደችው።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ወረቀቱን አምኜ ልጁን አላየሁትም። ግን የመጀመሪያውን ቀን አይደለም ብትዪኝ ኖሮ፣ ይኸኔ ስምንት ወር ተምሮ ነበር።» ይህን ስትል አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ወረቀቷን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ተራ ስጠብቅ ገና ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ሰም ሞልቶበት ነው ይሉኛል፣ ጠብታ ይሰጡኛል እያልኩ ነበር። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው። በመሣሪያ መረመረው፣ ደጋግሞ መረመረው። በግራው ምንም የለም፣ በቀኙ ትንሽ ቅሪት አለ፤ የመስሚያ መሣሪያ ተራ እንመዘግበዋለን፣ ግን በእሱ ብቻ አትመኪ፣ አሁኑኑ በእጅ ማናገር ጀምሩ አለኝ። ከምን መጣ አልኩት። በሦስት ወሩ የታመመው ትኩሳት ነው? አንድ ቀን ከአልጋ መውደቁ ነው? እርግዝናዬ ላይ የበላሁት ነው? «ላይታወቅ ይችላል» አለኝ። ልጄ ሐኪሙ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን መሣሪያ እየጎተተ ይጫወት ነበር።

ከዚያ እስከ ቅዳሜ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። በስልክ አልነገርኩትም፤ ፈራሁ። ባለቤቴን በትዳራችን የፈራሁት ያኔ ብቻ ነው። ቅዳሜ ረፋድ የሙዝና የበቆሎ ፌስታል ይዞ ገባ። ደጃፉ ላይ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ነገርኩት። ፌስታሉን መሬት አስቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከክዳኑ ቀን ጀምሮ ጠርጥሬያለሁ።» የክዳኑን ታሪክ ነገርኩት። በጣቱ እየቆጠረ መሆኑን አየሁ። ያን ክፉ ነገር የተናገርኩት ከክዳኑ በኋላ መሆኑ ገባው።

«እንግዲህ ይህን ሁሉ ወር አፌን የዘጋሽው እያወቅሽ ነው» አለኝ።

«አላውቅም ነበር! መጠርጠርና ማወቅ...»

አልሰማኝም። ልጁን አንስቶ ጭኑ ላይ አቆመውና በራሱ ቋንቋ ማናገር ጀመረ። ምን እንዳለው ሁሉንም አልሰማሁም፤ «ኢልመ ኮ፣ ኢልመ ኮ» ይላል፣ ልጄ፣ ልጄ። ብዙ የተጠራቀመ ወሬ ነበረው። ልጁ የአባቱን ከንፈር እያየ አገጩን በእጁ ይዞ ይስቃል። እኔም ምን ቆርጦኝ እንደሆነ እንጃ፣ «አይሰማህም እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ድሮም የምትሰሚኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ይቅርታ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብሎኛልም፤ ግን ይቅር የተባለ ነገር አልተባለም ማለት አይደለም። እሑድ ወደ ሥራው አልተመለሰም፤ ደውሎ ፈቃድ ጠየቀ። ሰኞ ጠዋት ሦስታችንም ወደ ማቆያው ሄድን።

እማማ ለባለቤቴ በአፋን ኦሮሞ፣ ለእኔ በአማርኛ፣ ለልጁ በእጃቸው ያወራሉ፤ ሦስታችንንም ምንጣፉ ላይ አስቀምጠውናል። እንደ ጀማሪ ተማሪ እጃችንን እያነሳን እንጥላለን። ይህ ወተት ነው፣ ይህ ኳስ፣ ይህ ሽንት። ስንሳሳት የሚያርመን ልጁ ነው፤ ጣቴን ይዞ ያጥፈዋል፣ ባለቤቴ ሲሳሳት ደግሞ በሳቅ ይፈነዳል። ቃል የለውም ያልኩት ልጄ ቢያንስ ሠላሳ ነገር መናገር ይችላል። ውሻ መጣ ይላል። ምሳዬ የታለ ይላል። ያቺ ልጅ ኳሴን ወሰደች ብሎ ይከሳል። ይህን ሁሉ ለወራት ሲያወራ እኔ ሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ ፋይል እየለጠፍኩ ነበርኩ።

መሃል ላይ ቆም ብሎ ፊቴን አየ። ከዚያ ወደ እማማ ዞረና በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ቶሎ ቶሎ አንቀጠቀጠው። እማማ አይተው እንዳላዩ ሆኑና ኳሱን አነሱ።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

«ምንም አይደል፣ ልጅ ብዙ ይላል።»

«እማማ፣ ይንገሩኝ። ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር አልፈልግም።»

ኳሱን አስቀመጡት። «ነጎድጓድ ሆኖ ጣውላው ሲንቀጠቀጥ የሚላት ናት። ፈራሁ ማለት ናት። አሁን፣ እማ ፈርታለች ነው የሚለው።»

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ልጄን አየሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ፊቴን አሳምሬ፣ ስቄ፣ ከንፈሬን ቀለም ቀብቼ ነበር የማስረክበው፤ በዚህ ዓለም ላይ ፍርሃቴን ያየ ሰው የለም ብዬ ነበር።

«ዛሬ ነው እንዲህ ያለው?» አልኳቸው።

«ኧረ ቆይቷል ልጄ» አሉኝ እማማ። «ጠዋት ጠዋት አንቺ በሩን ዘግተሽ ስትሄጂ፣ መጀመሪያ የሚነግረኝ እሱን ነው።»